እትዬ ሙጫ የጠገኑት ወረቀት

እትዬ ሙጫ ዛሬ የተቀደደ ነገር አይጠግኑም። የቤታቸው መጋረጃ ከግርጌው ተተርትሯል፤ የወንድማቸው ካፖርት ክርኑ ላይ ቀዳዳ አውጥቷል፤ የጎረቤት ልጅ ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ «እጄን ያመኛል» ብለው ይመልሷታል። እጃቸው ደህና ነው። ይህን የማውቀው ለብዙ ዓመታት አንድ ትምህርት ቤት አብረን ስለሠራን፣ በመጨረሻም ያን ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሄዱ አብሬያቸው ስለሄድኩ ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ክፍሌ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ነበር። እሳቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ጽዳት፣ ዘበኛና ጠጋኝ ነበሩ። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏቸዋል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ሙጫ»። ውሎ አድሮ ሁለቱ ስሞች ተጣበቁና እትዬ ሙጫ ሆኑ። ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ስሙ እንዲያው አልወጣላቸውም። ቤታቸው ያፈሉትን የዱቄት ሙጫ በወተት ጣሳ ይዘው ይመጡ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛቸው ላይ ብሩሽ፣ መቀስ፣ ስስ የፋሻ ጨርቅና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት አይጠፋም። ጀርባው የተላቀቀ መጽሐፍ ሲያገኙ እንደ ሐኪም ያገላብጡታል፤ «ምን አድርገውህ ነው አንተ?» እያሉም ያወሩታል። ስለ ሥራቸው ከጠየቅኳቸው ደግሞ ማቆሚያ የላቸውም።

«አየህ መምህር፣ አጥብቀህ ከለጠፍከው ሲገለጥ ይሰነጠቅብሃል። ከሥሩ ጨርቅ ታደርግና ትንሽ ላላ ትለዋለህ። ያኔ ሲስቡት አብሮ ይሄዳል እንጂ አይቀደድም።»

«ግን ጥገናው ያስቀይመው የለ?» እላቸዋለሁ ሆን ብዬ።

«ምን በወጣው! የተጠገነ መሆኑ ካስታወቀ ምኑን ጠገንኩት?»

ከአፋቸው የማይጠፋ ሌላ ቃልም ነበራቸው፤ «ሳትጠይቁ አትንኩ!» መደርደሪያውን፣ ካርታውን፣ ሙጫውን፣ የመስኮቱን መዝጊያ ሳይቀር። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ሰውዬ አንድ መዝገበ ቃላት ለመሳብ እጄን ስዘረጋ እንኳ «መምህር! ሳትጠይቅ!» ይሉና እጄ በአየር ላይ ይቀራል። አንዳንድ ቀን ያናድዱኝ ነበር። መጽሐፍ ለልጅ እጅ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? እንዲህ ብዬ ስጨቃጨቃቸው «አንተ ቁጥር ነው የምታስተምረው፣ ቁጥር አይቀደድም» ብለው አፌን ያስይዙኛል።

በዚህ መሐል «በፕሮጀክት መማር» የሚባለው ነገር መጣ። ከላይ የሚወርድልን መድኃኒት አያልቅም፤ እኔም ዋጥ አድርጌ ዝም ማለት ለምጃለሁ። ይህኛው ግን ወጣቱን የሳይንስ መምህር ልቡን ወሰደው። ከሥልጠና ሲመለስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያጣ ይመስል ነበር። ተማሪዎች ስለ ገዛ አካባቢያቸው አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፣ ያነባሉ፣ ይለካሉ፣ ያገኙትን ለሰው ያሳያሉ። ቦታው ደግሞ ሰፊ ጠረጴዛ ያለበት ብቸኛ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሆነ።

ሊነግራቸው ሲገባ እዚያው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እዚህ ነው የሚሠሩት።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ፕሮጀክት።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መልሱን የሚያገኙበት ነው።»

«ታዲያ አንተ ደመወዝ የምትበላው ለምንድን ነው?»

ይህ ወሬ የመምህራን ማረፊያ ደርሶ አንድ ሳምንት ሙሉ ተሳቀበት። ወጣቱ መምህር ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲህ ለእትዬ ሙጫ አንዲት ነገር አላስረዳቸውም፤ እሳቸውም ኩርፊያቸውን ይዘው አንዲት ነገር አልጠየቁትም። ልጆቹ ሲንጫጩ ጣሳቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው ይዞሩና ጀርባቸውን ይሰጧቸዋል። ሁለት አኩራፊዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ። እኔም አልፎ አልፎ ሳስበው ንድድ ይለኛል።

ከቡድኖቹ መካከል የአንዱ ጥያቄ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከንባቡ ጥግ በላይ፣ ከመስኮቱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ሁላችንም ዓመታት አይተነዋል፤ ማየቱን ደግሞ ለምደነዋል። የዚያ ቡድን ሴት ልጆች ግን «ይህ ስንጥቅ እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል?» ብለው ጠየቁ። የቡድኑ መሪ ማስመሪያዋን ከእጇ የማትለይ፣ ቅንድቧን ቋጥራ የምትናገር ልጅ ነበረች፤ መሐንዲሷ እላት ነበር። ከጎኗ የማትጠፋው ጓደኛዋ ደግሞ አፏን በመዳፏ ሸፍና ስትስቅ ነው የምትውለው። እሷን ሁሉም ሳቂታ ይላታል።

የዘየዱት ዘዴ ቀላልና ልክ ነበር። ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች በስንጥቁ ላይ አግድም፣ ውጥር አድርገው ይለጥፋሉ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። በየቁራጩ ላይ ቁጥርና የተለጠፈበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ። መሐንዲሷ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ገብታ ቃል አስገባችው፤ አንድ ወረቀት እንኳ ከተቀደደ የንባቡ ጥግ ይዘጋል፣ ግንበኛ ይጠራል። ርዕሰ መምህሩ ሳቅ እያለ እሺ አላት።

ለመለጠፊያው ሙጫ አስፈለጋቸው። መሐንዲሷ ባዶ ቆርኪ ይዛ እትዬ ሙጫ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ እንጠይቅዎት ብለን ነበር። ትንሽ ሙጫ ይሰጡናል?»

እትዬ ሙጫ ቀና አሉ። ያን ሁሉ ዓመት «ጠይቁ» ሲሉ ኖረው እንዲህ አንጀት የሚበላ ጥያቄ የሰሙ አይመስለኝም። ከቆርኪው አልፈው በስኒ ቀድተው ሰጧት። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ሲያዩ የመደርደሪያ ምልክት ዓይነት ነገር መሰላቸው። ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በእሳቸው ዓለም ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባቸውን መስጠት ተዉ። አንድ ቀን ሳቂታ መደርደሪያ ኋላ ተደብቃ የእሳቸውን ድምፅ አስመስላ «ሳትጠይቁ አትንኩ!» ስትል እጅ ከፍንጅ ያዟት። እትዬ ሙጫ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ አመለጣቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጥርሳቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። ልጅ አልወለዱም፤ የሚኖሩት ጡረታ ከወጣ ሹፌር ወንድማቸው ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቡድኑ ሲያወሩኝ «ልጆቼ» ማለት ጀመሩ።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ እየተጣደፈ መጣ። ሰኞ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ፣ የፕሮጀክት ሥራ ያያሉ፣ ክፍሉ ይጽዳ። ልጆቹ በጊዜ ተሸኙ። እትዬ ሙጫ መሰላል ላይ ወጥተው የጣሪያውን ድር ሲጠርጉ ዓይናቸው ከወረቀቶቹ ላይ አረፈ። ሁለቱ ከመሐላቸው ተቀደዋል።

በኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው። አንዱ ባለጌ በመጥረጊያ እንጨት ነክቶታል፣ ወይ ኳስ ወርውሯል። ልጆቹ ሰኞ በእንግዳ ፊት ሊያፍሩ ነው። ሆዳቸው ባባ። ወርደው ጣሳቸውን አመጡ።

ወረቀቶቹን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰው፣ እርሳሱ እንዳይለቅ ተጠንቅቀው ከግድግዳው አነሷቸው። ከኋላቸው ስሱን የፋሻ ጨርቅ አደረጉ። ቅዳዱን ከንፈር ለከንፈር ገጥመው በሳሳው ወረቀት አሰሩት። ከዚያ ቁጥሩንና ቀኑን እንደነበረ አድርገው ቦታቸው መለሷቸው፤ ትንሽ ላላ አድርገው። ያን ያህል ያማረ ጥገና ሠርቼ አላውቅም አሉኝ።

በማግስቱ ልጆቹ መጥተው ቆጠሩ። ሁሉም ሙሉ ነው። ሰኞ መሐንዲሷ በእንግዶቹ ፊት ቆማ ወረቀቱ ለምን እንደተለጠፈ፣ ምን እንደሚናገር አስረዳች፤ ግድግዳው እንዳልተንቀሳቀሰም ተናገረች። ጭብጨባው እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። እትዬ ሙጫ አልሰሟትም። ወንበር ስላነሰ ከሌላ ክፍል እንዲያመጡ ተልከው ነበር፤ ሁለት ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ።

«ሰማህ ሲያጨበጭቡላቸው? ልጆቼ አኮሩኝ» አሉኝ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ስንጥቁ ሥር ያለው መሬት ውኃ ጠጣ፤ ግድግዳው ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ ጨርቅ የታሰረባቸው ሁለት ወረቀቶችም አብረው ሄዱ። አልተቀደዱም። ሌሎቹ ወረቀቶች የተለጠፉት ታች፣ ስንጥቁ ቀጭን የሆነበት ቦታ ነበርና እነሱን ምንም አልነካቸውም።

ግድግዳው የወደቀው በእረፍት ሰዓት ነው። መሐንዲሷና ሳቂታ የንባቡ ጥግ ነበሩ። ከላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ጠረጴዛቸው ላይ ረገፈ። ሳቂታ ቀና ብላ «ተይ እንነሣ» አለች። መሐንዲሷም ቀና አለች።

«ወረቀቱ አልተቀደደም። ተቀመጪ፣ እኔ መጽሐፉን አምጥቼ መጣሁ።»

ወደ መደርደሪያው ሄደች። እዚያ እትዬ ሙጫ ቆመዋል። «እትዬ፣ ይህን ልውሰድ?» ብላ ስትጠይቅ ነው ጥጉ እንዳለ የወረደው።

ድምፁን ከድምፅ አልቆጥረውም፤ ክፍሌ ተናወጠ፣ ሰሌዳው ወደቀ። ሮጬ ስደርስ መስኮት በነበረበት ቦታ ሰማይ ይታያል። ጡቡን በእጃችን አነሣን። የሳይንስ መምህሩ ጥፍሩ ተነቅሎ እጁ በደም ተለውሶ እንኳ አላቆመም። እትዬ ሙጫ ከጎኔ ተንበርክከው ያነሣሉ፣ ያቀብሉኛል፣ ያነሣሉ። ሳቂታን ስናወጣት ሕይወቷ አልፏል። መሐንዲሷ መጽሐፉን እንደያዘች ቆማ ነበር። «አልተቀደደም እኮ፣ አልተቀደደም እኮ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልነበራትም።

ከቀብሩ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተራ በተራ ተጠየቅን። እኔና እትዬ ሙጫ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀምጠናል፤ መሐንዲሷ መሐል ቆማለች። ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ለምን ነበር የለጠፋችሁት?»

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ እንዲቀደድ።»

«ተቀዶ ነበር?»

«አልተቀደደም። እኔ ነኝ ያየሁት። ተቀመጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

አንድ ነገር እጅጌዬን ጨመደደው። እትዬ ሙጫ ናቸው። ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል። የታመሙ መሰለኝ። ወረቀቱ ለምን እንደተለጠፈ የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

ተራቸው ሲደርስ ግድግዳው ሲወድቅ የት እንደነበሩ ብቻ ተጠየቁ። «መደርደሪያው ጋ» አሉ። ሰብሳቢው አመስግኖ አሰናበታቸው። የኮሚቴው መደምደሚያ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ተነበበ፤ ርዕሰ መምህሩ በቂ ክትትል አድርጓል፣ ስህተቱ የተማሪዎቹ መለኪያ የማያስተማምን መሆኑ ነው። ልጆች ላይ ነው የጣሉት! ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያል። እኔም እንደ ሌላው ዝም ብዬ ቆሜ አዳመጥኩ። መሐንዲሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት ቀረች።

እትዬ ሙጫ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ክፍሌ መጡ። የተማሪ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሩኝ፤ መሰላሉን፣ እርጥቡን ጨርቅ፣ ፋሻውን። እኔም ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ለማን ነገሩ?» አልኳቸው።

«ለወንድሜ። ማን ጠየቀሽ አለኝ። ማንም አልጠየቀሽ፣ ማንም አላየሽ፣ አፍሽን ዝጊና ጡረታሽን ጠብቂ አለኝ። እኔን ሊያጣ ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼላቸው ነበር። እስር ቤት ታየኝ፣ የሳቂታ አባት ታየኝ። ያን ልላቸው ስል አቋረጡኝ።

«መምህር፣ ልጅቷ ጓደኛዬን ገደልኩ ብላ ነው የምትኖረው። ዕድሜ ልኳን። ይሄ እንዴት ይቻላል? ለኮሚቴውም እናገራለሁ፣ ለሳቂታ ወላጆችም ሄጄ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ለሷ። ብቻዬን እግሬ አይሄድልኝም፣ ተከተለኝ።»

መሐንዲሷ የምትኖረው ከጫማ መጠገኛዎቹ ሰፈር ጀርባ፣ በጋራ ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ በር ከፈተችልን። ዓይኗ አብጧል።

«እሰይ መጣችሁልኝ። እስቲ አናግሩልኝ። አትበላ፣ አትተኛ፣ ወረቀት ስትለጥፍ ነው የምትውለው።»

ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን። የቁም ሳጥኑ ሁለት በሮች በተገናኙበት ላይ ከላይ እስከ ታች ወረቀት ተለጥፏል። ወለሉ ላይ የተቀደዱ ቁራጮች ተከምረዋል። ልጅቷ ፊቷን ሳትመልስ አንዱን በር ስባ ከፈተች። ወረቀቶቹ ጠሽ ጠሽ እያሉ ተበጠሱ።

«አያችሁ?» አለች። «ይቀደዳል። አጥብቄ ብለጥፈውም ይቀደዳል፣ አላልቼ ብለጥፈውም ትንሽ ቆይቶ ይቀደዳል። ሁልጊዜ ይቀደዳል። የኛ ለምንድን ነው ያልተቀደደው? ምኑን ነው የተሳሳትኩት?»

እትዬ ሙጫ አልተቀመጡም። በነጠላ ልብስ እንደበረደው ሰው ሁለት ክንዳቸውን አቅፈው ቆሙ።

«ተቀዶ ነበር፣ ልጄ።»

ልጅቷ ዞረች።

«እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሁለቱ ተቀደው አገኘኋቸው። ከላይ ያሉት። ሰው የቀደደባችሁ መሰለኝ። አንስቼ በጨርቅ ጠገንኳቸው። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።»

እናትየዋ በሩ ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ያሉትን ቁራጮች ተመለከተች፤ ከዚያ የእትዬ ሙጫን እጆች። ቅንድቧ እንደ ድሮው ተቋጠረ።

«ሐሙስ ተቀዶ ነበር?»

«አዎ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው ሥራችን ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር። ምንም አልተሳሳትሽም። እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከግድግዳው መውደቅ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፣ እናቷ በኋላ ነገረችን። አሁን ለማልቀስም ለመጮኽም የፈለገች መሰለኝ። ሁለቱንም አላደረገችም። የሳቂታን ቀልድ የማስታወስ ያህል ቀስ ብላ፣ እትዬ ሙጫን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠየቀቻቸው።

«ሳይጠይቁ ነኩት?»

«አዎ» አሉ እትዬ ሙጫ። «ሳልጠይቅ ነካሁት።»